ልጆቻችን የቆጠሩት ሀብት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብና ንብረት ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብና ንብረት ኮሚቴ በየዓመቱ የምትሰሙት ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ቅጣት ነው። ዛሬ ግን ከዋናው ሪፖርት በፊት ስለ ልጆችና ስለ ዛፍ ጥቂት እንድንናገር ተፈቅዶልናል። «የሂሳብ ሰዎችን ከቅጠልና ከጥንዚዛ ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘን የራሳችን መዝገብ ነው። ከእሱ እንጀምር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ማኅበራችን 600 ችግኝ ገዝቶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥና ከግቢው በታች ቀበሌው ለማኅበራችን በሰጠው ግማሽ ሄክታር ላይ ተከለ። ዝናብ እየመታን ቆፈርን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ከዚያም ሻይና ቆሎ ቀረበልን። ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ገባ፤ በመዝገቡም ላይ «600 ችግኝ» ተብሎ ተጻፈ። በጥር ወር ንብረት ስንቆጥር ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ድንኳኑን ጨርሰን ልንነሣ ስንል ከመካከላችን አንዷ «ችግኞቹስ?» አለች። ወርደን ቆጠርናቸው። በሕይወት ያገኘናቸው 41 ብቻ ነበሩ።

የሞቱበትን ምክንያት ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለገንም። ብዙውን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አቃጥሎታል። እህል ከተሰበሰበ በኋላ የተለቀቀው ከብት ሌላውን በልቶታል። ላስቲኩ ሳይወልቅለት የተተከለም አግኝተናል። ጥፋቱ የእኛው ነው። በኮሌጅ በተማርነው ሂሳብ ዕቃ ሲገዛም ሲጠፋም ይመዘገባል። የእኛ መዝገብ ግን የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም።

ይህን ለትምህርት ቤቱ ስናስረዳ የአካባቢ ሳይንስ መምህርቷ «ቆጠራውን ለልጆቹ ስጡልኝ» አሉን። መጽሐፉ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ያስተምራል፤ ነገር ግን ልጆቹ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ዛፍ ሳይሆን በመጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ነው የሚያጠኑት። «ኮሶ ምንድን ነው?» ሲባሉ ትርጉሙን በቃላቸው ያነበንባሉ፤ በየቀኑ ጥላው ሥር የሚጫወቱበት ዛፍ ኮሶ መሆኑን ግን ብዙዎቹ አያውቁም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሰኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት 28 የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ወጣን። ከእኛም አራት አራት ሴቶች በተራ ከመምህርቷ ጋር ነበርን። ሕጋችን ሦስት ብቻ ነበር፤ ያልታወቀ ነገር አይቀመስም፣ ያነሡት ነፍስ ያለው ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

መምህርቷ ሁለት ቃል አስተማሩን። ብዝኃ ሕይወት ማለት በአንድ ቦታ ያለው የሕይወት ዓይነት ብዛት ነው፤ ከዛፉ እስከ ትሉ፣ ከገብስ እስከ ገብስ ዝርያ ድረስ። ሥነ ምህዳር ደግሞ እነዚያ ሕይወቶች እርስ በርሳቸው፣ ከአፈሩና ከውኃው ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። እኛ በራሳችን ቋንቋ ስንተረጉመው የመጀመሪያው የንብረት ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በጣም ቀላል ነበር። አራት ችካልና ገመድ ይዘን በየአቅጣጫው አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከለልን። አንዱን ልጆቹ ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ፣ ሁለተኛውን ከአጥሩ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር፣ ሦስተኛውን ከአሮጌው ኮሶ ሥር አደረግነው። ልጆቹ በቡድን ተንበርክከው በገመዱ ውስጥ ያገኙትን ዓይነት ሁሉ ሣሉ፣ ቆጠሩ። በሜዳው 3 ዓይነት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር 5 ዓይነት፣ ከኮሶው ሥር 17 ዓይነት አገኙ። የአንድ ቀን፣ የአንድ ወቅት ቆጠራ ነውና ከዚህ ተነሥተን ትልቅ ነገር አንናገርም። ልጆቹ ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር።

ስሞቹን በሁለት ቋንቋ ጻፍን። ወይራ ኤጀርሳ ነው፣ ኮሶ ሄጦ፣ ዝግባ ብርብርሳ። አንዱ ልጅ አማርኛውን፣ ሌላው ኦሮምኛውን ያውቃል፤ ሁለቱንም የማያውቁት ሲገኝ ደግሞ ለአያት ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት አያቶች ሳይጠሩ መጡልን። አንዷ እናታችን ወንዴ ኮሶና ሴቴ ኮሶ የተለያዩ ዛፎች መሆናቸውን፣ ቀላ ያለ አበባ የምታወጣው ሴቴዋ መሆኗን ለልጆቹ አሳዩ። ለትል መድኃኒት ሲጠጣ የነበረው የዚያችው አበባ ነው። መጠኑ ካለፈ እንደሚጎዳም ሳይናገሩ አላለፉም። እኚሁ እናት ሲንቄ የሚቆረጠው ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ እንደሆነ ለሴቶች ልጆቹ ነግረው «ዛፉን ካላወቃችሁት ለሠርጋችሁ ከምን ልትቆርጡ ነው?» ሲሉ ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን ዝም አልን፤ ከመካከላችንም ዛፉን በዓይኗ የምታውቅ አልነበረችም።

ሁለተኛው ሥራ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራ ነው። ሦስት ትልልቅ ጠርሙሶችን በጎናቸው አስተኝተን ከላይ በኩል ቀደድናቸው። በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው አፈርና የደረቀ ቅጠል፣ በሦስተኛው ሣር ከነሥሩ ከነአፈሩ አደረግን። በየአፋቸው ሥር ብርጭቆ አስቀምጠን እኩል ውኃ አፈሰስንባቸው። ከባዶው አፈር የወረደው ውኃ ቡና መሰለ። ከሣሩ የወረደው ጠብ ጠብ እያለ ቆይቶ መጣ፤ ጠርቶም ነበር። ከዚያ ልጆቹን ወደ አጥሩ ወስደን የጭላሎን ተዳፋት አሳየናቸው። ከዚህ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ወደ ካታር ወንዝ፣ ካታርም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። «ታዲያ የእኛ አፈር ዝዋይ ሄዷል?» አለ አንዱ። አዎ፣ ከፊሉ ሄዷል። ይህን ያሳየን ዕቃ ዋጋው የሦስት ባዶ ጠርሙስ ነው።

ሦስተኛው የክር ጨዋታ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። በየደረታቸው ገብስ፣ ሣር፣ ክሽክሽ፣ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ፣ ንብ፣ አይጥ፣ ፍልፈል፣ ጭልፊት፣ ቀይ ቀበሮ፣ ሰው የሚል ወረቀት አለ። የሹራብ ክሩ ከአንዱ ወደሚበላው ወይም ወደሚጠቅመው ይወረወራል። ሲያልቅ መካከሉ ድር ይሆናል። ከዚያ አንዱ ልጅ ክሩን ይለቃል፤ ክሩ የላላባቸው ሁሉ እጃቸውን ያነሣሉ። እናቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ስለ ሰው ብቻ ይመስለን ነበር።

ቀይ ቀበሮ የሆነችው ልጅ ተራዋ ሲደርስ መምህርቷ አንድ ነገር ነገሩን። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ ያለውም ጠቅላላ ቁጥር ወደ 500 ገደማ ቢሆን ነው። የሚኖረው በባሌ፣ በእኛው በአርሲ ተራሮችና በሌሎች ጥቂት ደጋዎች ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመውም ለእሱ፣ ለደጋ አጋዘንና በተራሮቹ ላይ ለቀረው አስታና ደን ጥበቃ እንዲሆን ነው። ቀበሮውን ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ይህን ስትሰማ ልጅቷ ክሩን እንደያዘች «የእኛ ውሻ ተከትቦ አያውቅም» አለች። እናቷ ከአባሎቻችን አንዷ ናቸው። በዚያው ወር 9 አባላት ውሾቻቸውን አስከተቡ። የክትባቱ ጥቅም ለቀበሮው ብቻ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሰው ልጅንም ይገድላል።

አራተኛው ሥራ ከጎተራ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ እፍኝ እህል፣ ከተገኘም ዛላ እንዲያመጣ ነገርን። ስንዴው ሲመጣ ሁሉም ተመሳሳይ ነበር። ገብሱ ግን ነጭ፣ ጥቁር፣ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ባለ ስድስት ረድፍ እየሆነ መጣ። አንደኛው ዓይነት፣ ለጩኮና ለበሶ የሚመረጠው፣ የመጣው ከአንዲት እናት ቤት ብቻ ነበር።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል ብለው ልጆቹ ሲጠይቁ መልሱን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን አገኘነው። በ2006 ዓ.ም. መኸር በአርሲና በባሌ ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ሲመታው የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ማሳው ሁሉ አንድ ዝርያ ስለነበር በሽታው የሚያቆመው አላገኘም። ከከተማችን በስተሰሜን ባለው በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎቹ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ለማግኘት ሳያቋርጡ ይሠራሉ። ለዚህ ሥራ ደግሞ የተለያየ ዘር ያስፈልጋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የሚመረጥ የለም።

የገብሱ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያስገርማል። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ አለ፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ያው በክር ጨዋታው የነበረው ክሽክሽ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ገብስ በዚህ በሽታ ሲቸገር መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ዘር ጠብቆ ያቆየው የደጋ ገበሬና ጎተራዋን የምታውቅ እናት ናት። የአዲስ አበባው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩትና ገበሬው በማሳው ላይ ዘሩን እንዲጠብቅ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እኛም ያቺ እናት ከሰጡን ሁለት እፍኝ ገብስ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ መደብ ዘርተናል። በቅሏል።

አምስተኛው ሥራ ምንጩ ነው። ከማኅበራችን መሬት ግርጌ ያለችውን ምንጭ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጆቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግነው በስልክ ሰዓት እየያዙ ይለካሉ። በየካቲት ጀሪካኑ በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞላ፤ በግንቦት ዝናቡ ከገባ በኋላ በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። «በሚቀጥለው የካቲትስ?» ብለው ጠይቀውናል። መልሱ ያለው መዝገቡ ከቀጠለ ብቻ ነው።

41ዱን ችግኞች ለልጆቹ አከፋፈልናቸው። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር አለው፣ የሚጠብቀው ልጅ ስምም በደብተሩ ላይ አለ። እሾህ ያጠሩላቸው፣ በበጋው እቃ ያጠቡበትን ውኃ ያጠጧቸው እነሱ ናቸው። ዛሬ 39ኙ ቆመዋል። ከኮሶው የለቀሙትን ዘር ዘርተው፣ የወይራውን ጠንካራ ፍሬ በጥንቃቄ ሰንጥቀው 120 ችግኝ አፍልተዋል። ገና ስንዝር አልሞሉም፤ የሚተከሉት በሚቀጥለው ክረምት ነው።

ለዚህ ሁሉ ለገመድ፣ ለደብተር፣ ለእርሳስ፣ ለክርና ለሳሙና ያወጣነው 1,860 ብር ነው። ለሞቱት 559 ችግኞች ካወጣነው ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱን በዋናው ሪፖርት ላይ ታዩታላችሁ።

ይህን ስንሠራ አዲስ ነገር ፈጠርን አንልም። የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 አረንጓዴ መቀነት የተባለውን እንቅስቃሴ የጀመሩት እንደኛው ካሉ የገጠር ሴቶች ጋር ነው። ሴቶቹ ትንሽ ክፍያ የሚያገኙት ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀላቸው ችግኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆኑ። እኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ እንተክላለን። መትከሉን ለምደነዋል፤ በጥር ወርዶ መቁጠር ግን ገና ይቀረናል።

እንግዲህ ወደ ዛሬው አጀንዳ እንምጣ። ግማሽ ሄክታሩ በሙሉ ባሕር ዛፍ ይተከልበት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረባችሁትን እናከብራለን። ባሕር ዛፍ ጠላታችን አይደለም። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖ ብዙ ቤት አቁሟል፤ በእሱ ገንዘብ ልጅ ያስተማሩ አባላትም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። አጠናው ሲሸጥ ለማኅበራችን ገቢ እንደሚያስገኝ በሂሳብ ክፍልነታችን አንክድም። ነገር ግን ውኃ ይወዳል፤ ከምንጭ ዳር የሚተከል ዛፍ አይደለም። ዛሬ እስከ ግርጌው ከተከልነው ደግሞ የልጆቹ 120 ችግኞች በሚቀጥለው ዓመት የሚሄዱበት ቦታ አይኖራቸውም።

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ያቀርባል። የላይኛው ግማሽ ባሕር ዛፍ ይተከልበት። ከምንጩ በላይ ያለው ታችኛው ግማሽ ለልጆቹ ኮሶ፣ ወይራና ጥድ ይተው። በየዓመቱ በጥር በሚደረገው የንብረት ቆጠራ «በሕይወት ያለ» የሚል ዓምድ በመዝገባችን ይከፈት፣ ቆጣሪዎቹም ልጆቹ ይሁኑ። እያንዳንዷ አባል በዓመት ሁለት ቅዳሜ ትስጠን። በጎተራዋ የቆየ ዘር ያላት እናት ደግሞ አንድ እፍኝ ታካፍለን።

ሂሳቡን ሳንሸፍን እንናገራለን። በዚህ ውሳኔ ማኅበራችን ከአጠና ሽያጭ ሊያገኝ የሚችለውን ገቢ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ኮሶም ወይራም በአምስት ዓመት ለሽያጭ አይደርስም። ይህን እያወቃችሁ ነው ድምፅ የምትሰጡት። በሌላው ዓምድ የሚጻፈው ውኃዋ የማይነጥፍ ምንጭ፣ የማይሸረሸር አፈርና የዛፉን ስም የሚያውቅ ልጅ ነው። ለእነዚህ የብር ዋጋ ልናወጣላቸው ሞክረን አልቻልንም፤ ዋጋ የላቸውም ብለን ግን ከመዝገቡ ልናወጣቸው አንችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ዛሬ ስብሰባ እንዳለን ሰምተው ደብተራቸውን ሰጥተውናል። ጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እየተቀባበላችሁ እዩት። ከ1 እስከ 41 ተቆጥሯል፤ በሞቱት በቁጥር 12ና በቁጥር 30 ፊት ለፊት የሞቱበት ቀንና ምክንያት ተጽፏል። እኛ ለ559ኙ ያልጻፍነውን ማለት ነው።